ላፕቶፑ ዛሬም ተንቀረፈፈ

ኮምፒውተር ጠጋኙ መርዕድ ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ከደንበኛ በቀር የሚያናግረው ሰው የለውም። ጡረተኛዋ ወይዘሮ አጸደ ላፕቶፓቸው ተንቀረፈፈ ብለው ሲመጡ፣ የማሽኑን ሥራ ከሚካፈሉት ከፕሮሰሰሩ ሁለት ኮሮች የሚሠራው አንዱ ብቻ ሆኖ አገኘው። አስተካከለው። ጨዋታቸው ስለጣመው ግን፣ ተመልሰው እንዲመጡ ብሎ አንዱን ኮር መልሶ አጠፋው። እንዲህ እያደረገ ከረመ።

ባለፈው ላፕቶፑን በነጠላቸው ጠቅልለው በዝናብ ሲመጡ አይቶ አፈረ። ሁለቱንም ኮሮች አብርቶ፣ "ከእንግዲህ አያስቸግርዎትም" ብሎ ሸኛቸው። ከዚያ ወዲህ ሱቁ ጭር አለበት።

ዛሬ ወይዘሮ አጸደ በሩ ላይ ቆመዋል።

"አሁንም ይንቀረፈፋል" አሉት።

ከፍቶ አየው። ሁለቱም ኮሮች እንዳበራቸው ናቸው። ቀና ሲል ወይዘሮ አጸደ ዓይናቸውን ወደ መንገዱ አሸሹ።

መርዕድ ወንበር ሳበላቸው።

"ይሄ እንኳን ጊዜ ይወስዳል፤ ይቀመጡ።"