የጎደለችው ግርፋት

ዛኩር በከተማይቱ በር፣ ዳኛው ፊት፣ በሆዱ ተኝቶ ይገረፍ ነበር። የጎረቤቱን የያኪንን የወሰን ድንጋይ ነቅሎ መሬቱን በመግፋቱ ሃያ ግርፋት ተፈርዶበታል። ያኪን አጠገቡ ቆሞ ምቱን በከንፈሩ ይቆጥር ነበር፤ አንዷም እንድትቀርለት አልፈለገም። ቆጣሪው ሽማግሌ “ዐሥራ ሁለት” ብሎ አስነጠሰውና ቀጣዩን ምት “ዐሥራ አራት” አለው። ከቆሙት መካከል ከያኪን በቀር ልብ ያለ አልነበረም። “ሃያ” ተብሎ ገራፊው ጅራፉን ሲጠቀልል ያኪን ሊጮህ አፉን ከፈተ።

“አንዲት ትቀራለች” አለ ዛኩር፣ ፊቱን ከአፈሩ ሳያነሣ።

“አንተ ሰው፣ ጀርባህን ተውሰኸው ነው እንዴ? ይልቅ ተነሥ” አለው ገራፊው።

“የያኪን ናት። መሬቱን ቆርሼበታለሁ፤ ይቺን ደግሞ አልቆርስበትም።”

ዳኛው ወደ ያኪን ዞረ። “ስትቆጥር አይቼሃለሁ። ጎድሏል?”

ያኪን የተተለተለውን ጀርባ አየ። ከወሰኑ ማዶ እንዲህ ያለ ሰው ይኖር እንደነበር እስከዚያች ቅጽበት አላወቀም።

“ሙሉ ነው፣ ጌታዬ” አለ። “ፍቀድልኝና ወንድሜን ላንሣው።”