ጋቢና የተቀመጡት

ውብዳር የተከራየችውን ሞተርሆም፣ አልጋ ያለውን ትልቅ መኪና፣ አስነስታ ከኦክላንድ በረሃ ውስጥ ወዳለ አንድ ፓርክ ልትወጣ ስትል፣ እትዬ ሸዋረጋ ጋቢና ገብተው፣ ቀበቶ አስረው፣ የበሶ ከረጢታቸውን ታቅፈው ቁጭ ብለዋል።

«እትዬ፣ ብቻዬን ነው የምሄደው ብያለሁ እኮ!»

«ባሏ በቅርቡ የሞተባት ሴት ብቻዋን በረሃ? ሰው ምን ይለኛል?»

መሪውን በጡጫ መታችው። ከቀብሩ ወዲህ እትዬ ሸዋረጋና ሌሎች የአገሯ ሴቶች በየተራ አብረዋት ያድራሉ፤ መታጠቢያ ቤት ስትቆይ እንኳ በሩን ያንኳኳሉ። «ጮክ ብዬ ሳለቅስ እናንተ ‹በቃሽ› ትላላችሁ፣ የአፓርትመንቱ ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል። ታዲያ የት ሄጄ ላልቅስ?»

እትዬ ሸዋረጋ ቀበቶውን ፈትተው፣ በሶውን ወንበሩ ላይ ትተው ወረዱ። ከዚያ በመስኮቱ በኩል ጠጋ ብለው፣ «እዚያ ስትደርሺ ለኔም ባል አንዴ ጩኺልኝ» አሉ። «እኔ ለሱ ያለቀስኩት ትራስ ነክሼ ነው።»