የትርንጎ ማልያ

በዚያ ዘመን ልብስ የለባሹን ስሜት ይዞ ያስቀር ነበር፤ ከለባሹ በኋላ ቀድሞ ያጠለቀው ሌላ ሰው ስሜቱን ይወስድና ልብሱ ባዶ ይቀራል።

የአስካለ ልጅ ትርንጎ ሜዳሊያ አግኝታ የማታውቅ ሯጭ ነበረች። ሩጫ ላይ ወድቃ ሞተች። እናት «ጣሯ ቢሰማኝስ?» እያለች ማልያዋን ሳጥን ቆልፋበት ኖረች። በመጨረሻ የሯጮች ልብስ ለሚሰበስብ ሰው ሸጠችው።

«ያላሸነፈች ልጅ ልብስ ምን ያደርግልሃል?»

«እትዬ፣ የሻምፒዮኖቹን ለብሼ አየሁት፤ ፍርሃት ብቻ ነው። እሷን ግን ስትሮጥ አይቻታለሁ» አላትና እዚያው አጠለቀው። ፊቱ በራ፤ እንባው ወረደ።

«አመማት እንዴ?»

«ኧረ እየሳቀች ነበር! ‹እማዬ ዛሬም ሰግታ ነው የምትጠብቀኝ› እያለች።»

አስካለ ማልያውን ከላዩ አስወልቃ ለበሰችው። ገና ይሞቃል፤ ሙቀቱ ግን የሰውየው ነበር።