አረንጓዴዋን በተን የነኩት እናት

«ዘይት ቀቢው ያለሽ ማን ነው?»

ልጅየው ሆስፒታል ኮሪደር ላይ እናቱ ላይ ይጮኻል...

እኔ አጠገቡ ነኝ። የሥራ ባልደረባው ነኝ፣ አባቱን ልጠይቅ አብሬው ሄጄ ነው።

አባትየው ልብስ ሰፊ ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ድንገት አፋቸው ተጣመመ፣ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለ።

ሐኪም ቤት የደረሱት ግን ከሰዓት በኋላ ነው።

«ስልኩን ጠየቅኩት ልጄ... አረንጓዴ ነገር ላይ "መፍትሔው እዚህ ነው" ይላል። ነካሁት። ቁጥር መጣ፣ ደወልኩ። የሚቀባ ዘይት እናመጣልሻለን፣ ጠብቂ አሉኝ።»

«አንቺም አምነሽ ቁጭ አልሽ? አራት ሰዓት ሙሉ?»

«ሐኪሞቹ የጻፉት መስሎኝ...»

«ሰው እንዴት እንዲህ ይሞኛል?» ብሏቸው ጥሏቸው ወጣ።

እሳቸው አንገታቸውን ደፉ።

ሰኞ ቢሮ ገባን።

ሥራችንን ልንገራችሁ... የጤና ምክር የሚሰጥ ድረ ገጽ ነው። ምክር ስላችሁ እንዳትሸወዱ፣ ምክሩ ሰው መጥሪያ ነው። እንጀራችን ማስታወቂያው ነው።

ስለዚህ ዋናው መልስ መጨረሻ ላይ ይደበቃል። «ቀጣይ»... «ቀጣይ»... «ቀጣይ»... ስድስት ገጽ። የማስታወቂያው መዝጊያ ኤክስ ደግሞ ሆን ተብሎ የሰው ጣት እንዳያገኛት ትንሽ ይደረጋል።

አንባቢው የጻፈው፣ ጣቱ ያረፈበት፣ የቆየበት ደቂቃ... ሁሉም ይቀዳል። ሰኞ ሰኞ አለቃችን ቅጂውን በትልቁ ስክሪን ይከፍተዋል፣ እያየን እንስቃለን። አዎ፣ እኔም እስቃለሁ።

የዚያን ቀን የተከፈተው የቅዳሜ ጠዋት ቅጂ ነው። መፈለጊያው ላይ አንድ ሰው ፊደል በፊደል እየለቀመ ይጽፋል...

«እባካችሁ ልጆቼ የባለቤቴ አፍ ተጣመመ እጁም አልሠራ አለ ምን ላድርግ»

«ድረ ገጹን ልጆቼ ትለዋለች እንዴ?» አለ አንዱ።

ቢሮው አውካካ። እኔ ግን የሆስፒታሉ ኮሪደር ትዝ አለኝ።

ጣቷ ማስታወቂያ ለመዝጋት ዘጠኝ ጊዜ ሞከረች። ሁለተኛ ገጽ... ሦስተኛ ገጽ... ከዚያ አረንጓዴዋን ነካች።

አለቃችን አጨበጨበ።

«አያችሁ? ማስታወቂያን የገጹን በተን ማስመሰል ማለት ይሄ ነው። ለሠራው ልጅ አጨብጭቡለት።»

ሁሉም ወደ ጓደኛዬ ዞረ።

የሠራው እሱ ነዋ... ቀለሙን የመረጠው እሱ፣ ጽሑፉን ያመሳሰለው እሱ።

«እናቴ ናት» አለ።

አለቃችን ጉሮሮውን ጠረገና ወደሚቀጥለው ቅጂ አለፈ።

ስድስተኛው ገጽ ላይ የተደበቀው መልስ ምን ይል እንደነበር ታውቃላችሁ?

«አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰዱት።»

በቃ፣ አራት ቃል።

አባትየው ዛሬ መቀስ መያዝ አይችሉም። እናትየው «በእኔ ሞኝነት ነው» እያሉ ያለቅሳሉ። ልጃቸው ስለጮኸባቸው ይቅርታ ጠይቋል... አረንጓዴዋን ማን እንደሠራት ግን እስካሁን አልነገራቸውም።

ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይባላል። እውነት ነው።

እኔን የሚያበግነኝ ግን ሌላ ነው... እናቱ ባይሆኑስ ኖሮ? የሌላ ሰው እናት ቢሆኑ አጨብጭበን፣ ስቀን፣ ምሳ እንበላ ነበር።

ያንን ሥራ ትቼዋለሁ። ሳቄን ግን መመለስ አልችልም።

እናንተ በልጅየው ቦታ ብትሆኑ ለእናታችሁ ትነግሯቸው ነበር ወይስ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ራሳቸውን እየወቀሱ እንዲኖሩ ትተዋቸው ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ...