ይተካ?

የሺመቤት ንጋቱ ፎቶ አንሺውን ስንታየሁን ስምንት ዓመት ሙሉ ይቅር አላለችውም። የሟች ልጇን አንድ ለእናቱ ፎቶ ያጠፋባት እሱ ነው። ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ያስቀመጠው በእናትየው ስም ነበርና፣ ሞክሼዋ የሆነች ሌላ የሺመቤት ንጋቱ ልጇን ስታስነሳ የዚያኛው ልጅ ፎቶ በሟቹ ፎቶ ቦታ ገባ።

«ማሽኑ ‹ይተካ?› ሲለኝ ‹አዎ› አልኩት፣ እትዬ፤ አንቺው መስለሽኝ።»

«ልጅ ይተካል እንዴ፣ አንተ የማትረባ!»

በየሳምንቱ እየሄደች ነዘነዘችው። በኋላ ዐይኑ ሲደክም «እንግዲያው ራስሽ ጠብቂው» ብሎ ወንበሩን ለቀቀላት። ሦስተኛ ክፍልን ያልጨረሰችው ሴት ከዚያ ወዲህ የማንንም ፎቶ በሰው ስም አላስቀመጠችም። ዐይኗን ጨፍና ቁልፎቹን እንደ በርበሬ ትወቅጣለች፤ የወጣውን ዝብርቅርቅ ፊደል፣ ከዚህ በፊት አለመኖሩን አጣርታ፣ ለፎቶው ስም ታደርገዋለች። ለባለቤቱም በወረቀት ገልብጣ ትሰጣለች።

«ይሄን ማን ያነበዋል?» ይላል ስንታየሁ።

«ማንም አያንብበው፤ ብቻ ማንም አይድገመው።»

በእሷ እጅ የአንድም ደንበኛ ፎቶ አልጠፋም ይባላል።

ትናንት አንዲት ከል የለበሰች ሴት ገባች። «ልጄን ወንዝ በላብኝ፣ እናቴ። ከስምንት ዓመት በፊት እዚህ የተነሣው ፎቶ ይኖር ይሆን? ሌላ የለኝም።»

«በማን ስም?»

«የሺመቤት ንጋቱ።»

የሺመቤት ኮምፒውተሩ ላይ አጎንብሳ ብዙ ፈለገች።

«የለም፣ እህቴ» አለቻት።

እንደሌለማ ታውቃለች። በዚያ ወንበር በተቀመጠችበት በመጀመሪያው ቀን ፈልጋ ያጠፋችው የዚህችን እናት ልጅ ፎቶ ነበር።