አባዬ፣ አትቁም

«አትቁም አባዬ! ዝም ብለህ ሂድ!»

ይቆማል። አየር ጤና መንገዱ መሀል ታክሲዋን አቁሞ፣ ኮሌታውን አስተካክሎ፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ ያደርግና ለመታወቂያ እንደሚነሳ ሰው ፊቱን ይኮሳትራል። ከኋላው ያለው አይሱዙ ጥሩንባውን ይነፋበታል።

«ምነው፣ ፎቶ ላንሳህ ብለሽ አልነበር?»

«እየነዳህ ነው የማነሳህ!»

«እየሄደ ፎቶ የሚነሳ ሰው የት አይተሽ ታውቂያለሽ ፀዲ?»

ለእሱ ፎቶ ማለት ቀጥ ብሎ መቆም ነው። የሠርጉ ፎቶ ላይ እንኳ እማዬን ሊጠብቅ የተቀጠረ ዘበኛ ነው የሚመስለው።

እኔ ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ የለፋሁት ለዚህች ጠዋት ነው። ፎቶ ቤት ያለው ኢብራር ካሜራውን እያዋሰኝ፣ እዚሁ የመንገዱ አካፋይ ላይ ቆሜ የሚያልፍ ታክሲ ሳነሳ ከረምኩ። ግንባር የሌለው ታክሲ፣ የኋላ መብራት ብቻ፣ አንዳንዴም ባዶ አስፋልት ይዤ እመለሳለሁ። ኢብራር እያየ ይስቃል። «እግርሽን ትከዪና ከወገብሽ ዙሪ፤ ከመኪናው ጋር እኩል ሂጂ። ማንሻውን ከተጫንሽ በኋላም እንዳትቆሚ» ይለኛል። እኔ ግን በተጫንኩ ቁጥር ደርቄ እቀራለሁ። የአባቴ ልጅ ነኛ።

ዛሬ ግን ነገ እደግመዋለሁ ማለት የለም። ፍሪሲዮን የሚረግጥበት ጉልበቱ እምቢ ብሎት፣ ሃያ ሁለት ዓመት የነዳትን ታክሲ ለገዛት ሰው ሊያስረክብ እየሄደ ነው። ሰውየው ሦስቴ ደውሏል። ከዛሬ በኋላ አባዬን መሪ ላይ የሚያየው የለም።

«አንዴ ብቻ ዞረህ ና። እኔን አትየኝ፤ እንደ ሌላው ቀን ንዳ።»

ራሱን እየነቀነቀ ይሄዳል።

ከቀራንዮ በኩል የወረደው ጉም ገና አልተነሳም። የመኪኖቹ መብራት ውስጡ ቢጫ ሆኖ ይንሳፈፋል። ረዳቶቹ «ጦር ኃይሎች! ሜክሲኮ!» ሲሉ ድምፃቸው ከሌላ ሰፈር የሚመጣ ይመስላል። ነቅቼ ይሁን ተኝቼ እኔም እንጃ።

ሰማያዊዋ ታክሲ ከጉሙ ትወጣለች። እግሬን ተክዬ አብሬያት እዞራለሁ። ጩኸቱ ሁሉ ይጠፋል። አባዬ ረስቶኛል። በአንድ እጁ እየነዳ በሌላው ዳሽቦርዷን መታ መታ ያደርጋል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የሆነ ነገር እየነገራት ነው። እጫናለሁ። መዞሬን አላቆምም። ታክሲዋ ካለፈች በኋላም ገና እየዞርኩ ነው።

ፈንጠር ብሎ ዳር ይይዛል። ሮጬ ካሜራውን በመስኮቱ አቀብለዋለሁ። መነፅሩን ፈልጎ ያደርጋል።

ስክሪኑ ላይ ሱቁ፣ ሰዉ፣ መኪናው፣ አየር ጤና እንዳለ እንደ ውሃ ፈሷል። የአባዬ ሽበት ግን አንድ በአንድ ይታያል።

ካሜራውን ወደ ዓይኑ ያስጠጋል።

«ቆሜ ነበር እንዴ?»

«አልቆምክም አባዬ።»

ስልኩ እንደገና ይጠራል። አያነሳውም። ፎቶው ላይ ዳሽቦርዷን የነካውን እጁን በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ይዳብሳል።