ጢማሙ ወይስ ሴትዮዋ

"ጢማሙ ነው መሥራት ያለበት!" አለ መካኒኩ፣ አፉን ወደ ቁልፉ ቀዳዳ አስጠግቶ። "ቀጣዩን ፊልም ጢማሙ ካልሠራው ያ ሰላይ አበቃለት! ሰማሽኝ?"

ጆሮውን ደግሞ ወደ ቀዳዳው አስጠጋ።

ጢማሙ የሚሉት ዳይሬክተር ማን እንደሆነ እንኳ በቅጡ አያውቅም። ሰላዩንም ቢሆን የሚያውቀው ጣሪያ ለጣሪያ ሲሮጥ ብቻ ነው። የፊልሙ ወዳጆች ሚስቱና ልጁ ነበሩ። አዲስ ክፍል በወጣ ቁጥር እናትና ልጅ ሶፋው ላይ አንድ ብርድ ልብስ ለብሰው ያያሉ፣ ሲያልቅ ደግሞ "ቀጣዩን ማን ይሥራው" እያሉ እንደ ባላንጣ ይነታረካሉ። አንዷ ጢማሙ ትላለች፣ አንዷ ደግሞ ሌላዋን ዳይሬክተር፣ ሴትዮዋን። እሱ ከጋራዥ ድቅቅ ብሎ ይገባና አጠገባቸው ተቀምጦ ያንኮራፋል። የማን ወገን ነህ ብለው ሲቀሰቅሱት "የእንቅልፍ" ይላል፤ ይስቁበታል።

አሁን እናት የለችም። ልጅቷ ከቀብር ማግስት ጀምሮ በሯን ቆልፋ ተቀምጣለች። ያስቀመጠላት ምግብ ደጃፉ ላይ እንዳለ ይደርቃል። ትናንት ውሃውን አንስታ ነበር፤ ዛሬ እሱንም ትታዋለች። ጠዋት የእናቷ ወንድም ዲጂኖ ይዞ ሲመጣ ግን ተናገረች፣ አንዲት ነገር ብቻ። "በሩን ከነካችሁት መስኮቱ ክፍት ነው።"

የሚኖሩት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው።

"ጋሼ፣ በቃ" አለ አጎትየው አሁን ከኋላው። "ልጅቷ እየሞተች በር ላይ ቆሞ ስለ ፊልም መለፍለፍ ምን የሚሉት ነው? እኔ አንዴ ገንጥዬ ልክፈተው፣ አንተ ዘለህ ትይዛታለህ።"

"ባልደርስስ?"

አጎትየው ዲጂኖውን ወለሉ ላይ አስቀምጦ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ።

"እኮ! ባልደርስስ? እህትህን በቀበርኩ ሳምንት ሳይሞላ ልጇን ልቅበር?" ድምፁን ዝቅ ለማድረግ ቢሞክርም እንባው አሳበቀበት። "እባክህ ወንድሜ፣ ትንሽ ታገሠኝ።"

ያልሞከረው የለም። ለምኗል፣ ተቆጥቷል፣ ደግሞ ለምኗል። "እናትሽ ትሙት ክፈቺ" ሊል አፉ ላይ ደርሶ፣ ምን ሊል እንደነበር ሲገባው ክው ብሎ ቀርቷል። ከዚህ ወዲያ የቀረው በእንቅልፉ መሃል ጆሮው የለቀመው ያ ንትርክ ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን እንደ ምንም ነው የሚያስታውሰው።

"እናትሽ ትክክል ነበረች" አለ እንደገና ወደ ቀዳዳው ጎንበስ ብሎ። "ሁሌም ጢማሙ፣ ጢማሙ ትል ነበር። እኔም ከዛሬ ጀምሮ የእሷ ወገን ነኝ። ካላመንሽ ተከራከሪኝ!"

አልጋው ሲጥጥ አለ።

"ማን?" አለ የሻከረ ድምፅ። "እማዬ ናት ጢማሙን የምትለው?"

መካኒኩ አጎትየው ሊነሳ ሲል በእጁ መለሰው። "አዎና! ታዲያ ማን ሊል ነው?"

"ኧረ አባዬ! እማዬ እኮ ጢማሙን በዓይኗ አታየውም ነበር! ጢማሙ የምለው እኔ ነኝ። እሷ ሴትዮዋን ነው።"

ለካ አቀያይሮታል። ዕድሜውን ሙሉ አብሯት ኖሮ ማንን እንደምትመርጥ እንኳ አላወቀም፤ በሐፍረት ፊቱ ተቃጠለ። ግን የልጁ ድምፅ መጥቷል፣ ከእጁ ሊያመልጥ አይገባም።

"ሂጂ እዚያ! ሴትዮዋ ስለ ሰላይ ምን ታውቃለች?"

"እኔም እንደሱ እላት ነበር!" ድምፁ ቀረበ። ባዶ እግር ወለሉን ሲረግጥ ተሰማው። "እሷ ግን፣ ጢማሙ ሰውየውን ከጠዋት እስከ ማታ ያሯሩጠዋል እንጂ አንድ ቀን ቤቱ አስገብቶት አያውቅም ትላለች። ሴትዮዋ ብትሠራው እኮ ቤቱ ይገባል ትላለች። በሩን ከፍቶ ይገባና ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ እንቅልፍ ይወስደዋል። እኔ ደግሞ ይሄ ምኑ ፊልም ነው እላታለሁ፣ ሰው ተኝቶ ማን ያያል?"

"እሷስ ምን አለች?"

"'እኔ አያለሁ' አለችኝ። 'አባትሽን ስንት ዓመት ሙሉ እያየሁት አልጠገብኩም' አለች።" ድምፁ አሁን ከበሩ ሥር ነው። "አንተ አጠገባችን ታንኮራፋለህ። ጋቢውን ትከሻህ ላይ እየሳበችልህ ነው እንደሱ ያለችው።"

መካኒኩ ሊመልስላት ፈለገ። ጢማሙ፣ ሴትዮዋ፣ የትኛውንም ስም ቢሆን መጥራት ፈለገ፤ ክርክሩ እንዳይቆም፣ እሷ ወደ ውስጥ እንዳትመለስ። አንዲት ቃል አልወጣ አለችው። ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ፣ አፉን በእጁ አፍኖ ወለሉ ላይ ተንሸራቶ ተቀመጠ።

"አባዬ?" አለች።

መካኒኩ እጁን ከአፉ አላነሳም።

"አባዬ፣ አለህ? ምን ሆንክ?"

አጎትየው ሊመልስላት አፉን ከፈተና ተወው። ከወዲያ በኩል ልጅቷ በሩን በመዳፏ መምታት ጀመረች። "አባዬ! አባዬ፣ ክፈትልኝ!" እያለች፣ የቆለፈችው ራሷ መሆኗን ረስታ ትደበድበዋለች።